አያ እንድሪስ ብቻቸውን ያልሄዱበት ደጅ

አያ እንድሪስ መሞታቸውን የሰማሁት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ነው፤ እሳቸው ሠላሳ ዓመት በተቀመጡበት ወንበር ላይ። የቅሬያችን ለፋፊ በድምፅ ማጉያ እየተጣራ በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ ስማቸው ጆሮዬ ገባ። አልደነገጥኩም። መካነ ሰላም ውስጥ ሰው ሲሞት የአያ እንድሪስ ስም አብሮ መነሣቱ የተለመደ ነው። ድንኳን የሚያስወጡት፣ ቆፋሪ የሚያሰማሩት እሳቸው ስለነበሩ የሌላ ሰው ቀብር ሊያስተባብሩ ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ለፋፊው መስጊዱ ጋ ደርሶ ሲደግመው ነው የገባኝ። «አያ እንድሪስ አያሌው ወደ አኼራ ሄደዋል፤ ቀብራቸው ከዙሁር በኋላ ነው» ይል ነበር። ብዕሬን ከደንኩ፣ በሩን ቆለፍኩና ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ድንኳኑን አሁን ማን እንደሚያስወጣው አላውቅም ነበር።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና አያ እንድሪስ ግትር ነበሩ። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ሊከለክሉህ ሲሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይሰቅሉታል። «መነጽሩ ከወጣ ጉዳይህ ወረደ» ይባል ነበር። ቀን ያልተጻፈበት ማመልከቻ ይዘህ ከመጣህ በሁለት ጣታቸው አንሥተው ይመልሱልሃል። «ቀን የሌለው ወረቀት ስም እንዳልወጣለት ልጅ ነው፤ ማን ብዬ ልጥራው?» ይሉሃል። አንድ ጊዜ አንድ አለቃ አንድን ደብዳቤ ባለፈው ወር ቀን መዝግቡልኝ አላቸው። መነጽሩ ወጣ። «ጌታው፣ ትናንትን የቆለፍኩት እኔ አይደለሁም፤ ቁልፉም እኔ ዘንድ የለም» አሉት። አለቃው ተቆጥቶ ወጣ። እኔ በዚያ ጊዜ ገና አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩና ሥራቸውን የሚያጡ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ማኅተማቸውን እፍ እፍ ብለው ጠርገው «በል ካሳው፣ የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጥራ» አሉኝ።

በጡረታ ከወጡም በኋላ አልተላቀቅንም። በየማለዳው ይመጣሉ። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ይገባሉ፤ እኔ ማተቤን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ «ወአለይኩም ሰላም» እላለሁ። ወንበራቸውን ልልቅላቸው ስነሣ ትከሻዬን ጫን አድርገው ያስቀምጡኝና እሳቸው የባለጉዳይ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። የሚሠሩት ሥራ አልነበራቸውም፤ የቅሬያቸው ሰብሳቢ ሆኑና ሥራ አገኙ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። በእኛ ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ ድንኳኑ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሰው ሲሞት ሁሉም ሥራውን ትቶ ሦስት ቀን ይቀመጣል።

አንድ ሰኞ አያ እንድሪስ ፈጠን ብለው መጡ። አዲስ አበባ ያለው የድሮው ቤተ መንግሥት ግቢ ለጎብኚ ክፍት መሆኑን ከሬዲዮ ሰምተዋል። ወሬው ለከተሜው ያረጀ ነበር፤ ለእሳቸው ግን የዚያን ዕለት ማለዳ የተወለደ ነው። «በቡድን ለሚመጣ አስቀድሞ የስም ዝርዝር ይላካል ይላሉ፤ ቅሬው በሙሉ ይሄዳል» አሉኝ። ሳቅኩባቸው። ቅሬ ለቀብር ነው እንጂ ለሽርሽር ሲሄድ አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ፣ ድንኳኑና ድስቶቹ በሚቀመጡበት የቆርቆሮ ቤት። አያ እንድሪስ ነገሩን እንደ ደንቡ አቀረቡ። ጉዳዩ፦ የቤተ መንግሥት ጉብኝት። ከዚያ የድስቶቹ ኃላፊ እትዬ ዘሐራ እጃቸውን አወጡ።

«የምጠይቀው፣ ማነው እዚያ የሚቀበለን?»

«ማንም አይቀበለንም እትዬ ዘሐራ። ትኬት ቆርጠን እንገባለን።»

«ባለቤት የሌለበት ቤት ዝም ተብሎ ይገባል? ወላሂ እኔ አፍራለሁ።»

አቶ ደምሴ፣ ንብ አርቢው ሽማግሌ፣ ደገፏቸው። «ባዶ እጅ ቤተ መንግሥት አይገባም። ነውር ነው። አንድ እንስራ ማር ከእኔ ይሁን» አሉ። ማሩ ለማን እንደሚሰጥ፣ ለዘበኛው ነው ወይስ ለትልቁ ሰው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። መነጽሩ ወደ ግንባር ወጣ። «ማር አይገባም» አሉ አያ እንድሪስ። አቶ ደምሴ ተቀየሙ፤ ቆይተው ግን «ብቻ እኔንም መዝግቡኝ» አሉ። ሁሉም ተመዘገበ። ከወረኢሉ ወዲያ አልፈው የማያውቁ ሴቶች ምን ለብሰው እንደሚሄዱ እየተማከሩ ወጡ።

ሲበተን እንደ ልማዴ ቀለድኩባቸው። «አያ እንድሪስ፣ ከሞት ሌላ ነገር ሲያስተባብሩ ገና ዛሬ አየሁዎት» አልኳቸው። አልሳቁም። እጄን ይዘው የቆርቆሮውን ቤት በር ዘጉና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ።

አባታቸው አያሌው የመሬት ክርክር ነበረባቸው፤ ይህ በንጉሡ ጊዜ ነው። አውራጃው ፈረደባቸው። «ንጉሡ ፊት አቤት እላለሁ» ብለው ስንቃቸውን ቋጥረው በእግራቸው አዲስ አበባ ወረዱ፤ በዚያ ዘመን የተበደለ ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ፣ የቤተ መንግሥቱን ደጅ ጠኑ። አያ እንድሪስ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ናቸው። ሁለት ደብዳቤ መጣ። ሁለተኛው ይህ በላስቲክ ውስጥ ያለው ነው፤ አባታቸው ማንበብ ስለማይችሉ ለጸሐፊ ነግረው ያስጻፉት። ከመታጠፉ ብዛት መሐሉ ተበጥሷል። አያ እንድሪስ ሳያዩት በቃላቸው አሉልኝ። «ደጅ የሚጠናው ሰው ከገበያ ይበዛል። የማውቀው ግን አንድም የለም። ዛሬም ሳልገባ ዋልኩ።»

ሦስተኛ ደብዳቤ አልመጣም። ሰውየውም አልተመለሱም። ብርድ ይሁን በሽታ፣ የት እንደወደቁ፣ ማን እንደቀበራቸው የሚያውቅ የለም።

«እናቴ ማቅ አልለበሰች፣ ሰደቃ አላወጣች» አሉኝ። «መርዶ አልመጣማ። አስከሬን የለ፣ መርዶ የለ፣ ቅሬው በምን ይቀመጥ? እስከ ዛሬ ማንም አልተቀመጠለትም። እኔ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለው ወንበርና ምንጣፍ ጉዳዬ አይደለም ካሳው። ቅሬው ከደጁ ይቁምለት። እስላሙም ክርስቲያኑም በየእምነቱ ለአንድ ደቂቃ ዱዓ ያድርግለት። ከዚያ ወዲያ ማየት የፈለገ ገብቶ ይይ።»

«ታዲያ ይህን ለምን ለቅሬው አልነገሩትም?» አልኩ።

«ከነገርኳቸው በይሉኝታ ነው የሚመጡት። ደስ ብሏቸው ይምጡ፤ እደጁ ስንደርስ እነግራቸዋለሁ። አንተም አደራ፣ ከአፍህ እንዳይወጣ።»

አደራውን ተቀበልኩ። አደራ ሲሰጡኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።

የስም ዝርዝሩን እንዳዘጋጅ ያዘዙኝ እኔን ነው፤ እኔም ከቅሬው መዝገብ ላይ እንዳለ ገለበጥኩት። አያ እንድሪስ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያነቡ ፈረሙ፤ ቸኩለው ነበር። ከሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ። ትሑት ድምፅ ያላት ልጅ «አባቴ፣ የአራት ሰዎች የመታወቂያ ቅጂ አልደረሰንም» ብላ ስማቸውን አነበበችላቸው። አያ እንድሪስ ስልኩን ዘጉና መዝገቡን ገለጡ። አራቱም ሙታን ናቸው። በእኛ ቅሬ ባል ሲሞት ስሙ አይሰረዝም፤ ሚስቲቱ በእሱ ስም ትቀጥላለች፤ የአባወራ ስም መሰረዝ ቤቱን ከቅሬ ማስወጣት ነውና። እትዬ ዘሐራ በባላቸው ስም ነው ያሉት። ነገሩ ሲነገራቸው «እሱ መታወቂያውን ይዞት ሄዷል፤ ሄዳችሁ ጠይቁት» ብለው ቆርቆሮ ቤቱን በሳቅ ሞሉት። አያ እንድሪስ ግን ሦስት ቀን ቢሮ አልመጡም። ሠላሳ ዓመት የሰው ወረቀት ሲመልሱ ኖረው ሙታንን ለጉብኝት ማስመዝገባቸው አሳፍሯቸው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው ስላቸው «የፈረመ ነው የሚጠየቀው» አሉኝ።

ዝርዝሩ ተስተካከለ፣ ቀን ተቆረጠ፣ ቅጥቅጥ አውቶብስ ተያዘ። በዋዜማው አያ እንድሪስ ኮታቸውን አሳጥበው በር ላይ አሰጥተውት ነበር። ከሰዓት በኋላ አቶ ደምሴ ከቀፏቸው ሥር ሞተው ተገኙ። ሽማግሌው ማር ሊቆርጡ ነበር፤ ከልካይ ሳያያቸው ደብቀው ሊወስዱ አስበው ይሆን ብዬ ዛሬም አስባለሁ። ማግሥቱን አያ እንድሪስ ለጉዞ ያሳጠቡትን ኮት ለብሰው የድንኳኑን ካስማ ሲመቱ አየኋቸው። ቅሬው ሦስት ቀን ተቀመጠ። የእኛ ቀን አለፈ። ሌላ ቀን ቆረጥን፤ በዚያኛው ሳምንት አንዲት ሴት ልጇ በዓረብ አገር መሞቷን ሰማች፣ እንደገና ተቀመጥን። ያኔ አንድ ነገር ታየኝ፤ ከሌላ ሰው ጋር ቢሆን ኖሮ ድሮ ሄደው ነበር። አንድ ሰው በሞተ ቁጥር ሁሉም ለቅሶ የሚቀመጥበትን ማኅበር ይዘው ነው መንገድ የተመኙት። ይህንኑ አልኳቸው። «የአጎቴ ልጅ በመኪናው ይውሰድዎት፤ ሁለት ቀን ነው፤ ደርሰው ይመለሱ።»

«ብቻውን የሄደውን አየነው» አሉኝ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ያለንበትን ዘመን ለሚያውቅ ምክንያቱን መተረክ አያስፈልገኝም። አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ ሰው ነገ ልሂድ ሲል ይዘጋል። ስልኩም ይጠፋል። አያ እንድሪስ በየማለዳው ይመጡና ከሰላምታው ቀጥለው «መንገዱ እንዴት አደረ?» ይሉኛል፣ ስለ ታመመ ዘመድ እንደሚጠየቅ። «እንዳለ ነው» እላለሁ። «አብሽር፣ ይሻለዋል» ይሉኛል፣ እኔን ሊያጽናኑ። የታመሙት ግን እሳቸው ነበሩ። ኮቱ ሰፋባቸው፤ የዓይናቸው ነጭ ቢጫ እየሆነ መጣ። ሐኪሙ አዲስ አበባ ይታዩ ብሎ ሪፈር ጻፈላቸው። ወረቀቱን አነበቡት፣ ቀኑ በትክክል መጻፉን አዩና ከአባታቸው ደብዳቤ ጋር አንድ ላስቲክ ውስጥ አስገቡት። ላደርግላቸው የምችለው ምን ነበር? መንገድ አልከፍት፣ ሐኪም አልሆን። ሻይ አዝዝላቸው ነበር።

ባለፈው የበጋ ወራት መንገዱ ተከፍቷል ተባለ። አያ እንድሪስ በአንድ ቀን ሰው ሰበሰቡ። ከተመዘገበው ግማሹ ብቻ መጣ፤ የቀረው ፈርቷል፣ ማንም አልፈረደበትም። ጎህ ሲቀድ ተነሣን። አቀስታን በብርዱ አለፍነው። ሴቶቹ ዳቦ እያቋረሱ ያድሉ ነበር፣ እትዬ ዘሐራ ቤተ መንግሥት ስትደርሱ እንዳታሳፍሩኝ እያሉ ያስቁን ነበር። አያ እንድሪስ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጠው አንዴም ዘወር ሳይሉ መንገዱን ያያሉ። ወረኢሉን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ገመድ ተወጥሮ አገኘን። መኪናው ቆመ።

ኬላውን የሚጠብቀው ጎልማሳ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ የምንጠላው ሰው እናገኝ ነበር። አያ እንድሪስ ወርደው የስም ዝርዝሩን ሰጡት፤ ማኅተም ያለበት፣ ቀን ያለበት፣ ሙታን የሌሉበት። አነበበው። «አባባ፣ ለጉብኝት የሚባል ዛሬ አይታለፍም። የታዘዝኩት ነው» አላቸው። እሳቸውም «እጠብቃለሁ» አሉ። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከገመዱ ፊት ቆሙ። ወንበር ወሰድንላቸው፣ አልተቀመጡም። ጠባቂው ሁለት ጊዜ አለቃውን ጠይቆላቸው መጣ፤ መልሱ ያው ነው። በመጨረሻ አያ እንድሪስ ወረቀታቸውን ሊያጥፉ ላስቲኩን ሲፈቱ ሪፈሩ መሬት ወደቀ። ጠባቂው አንሥቶ አየው። ፊታቸውን አየ፤ ዓይናቸውን አየ።

«ለምን ቀድመው አልነገሩኝም? በሽተኛና አንድ አስታማሚ ያልፋል» አለ። ከፊታችን የቆመች በሽተኛ የጫነች መኪና አመለከተን። «እዚያች ላይ የሁለት ሰው ቦታ አለ። ግን አሁኑኑ ነው። ማነው አስታማሚያቸው?»

አያ እንድሪስ ወደ እኛ ዞሩ። ሁላችንም ከመኪናው ወርደን ከኋላቸው ቆመን ነበር። በየተራ አዩን። ያን አስተያየት እስከምሞት አልረሳውም፤ የሚለምን ዓይን አልነበረም፣ የሚጠብቅ ነበር እንጂ። ከገመዱ ወዲያ ያለው መንገድ ምን እንደሆነ አናውቅም፤ የሄደ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። አንዱ ቤቱን ጥሎ መጥቷል፣ አንዷ ልጆቿን። ሚስቴ የመውለጃ ወሯ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ግን ያኔ ዝም ያልኩት በእሱ ምክንያት መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ፈርቼ ነበር። አቀርቅሬ ጫማዬን አየሁ። ከሁሉም መሐል ያ ሰው ምን እንደሚያጣ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብራመድ ይበቃ ነበር።

ከኋላ አንድ ሰው «ይሂዱ አያ እንድሪስ፣ ይታከሙ። አላህ ከአንቱ ጋር ነው» አለ። በቅን ልብ ነው ያለው።

«አላህማ ከአባቴም ጋር ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ሌላው ሰው ምን እንዳሉ አልገባውም።

ከዚያ ወደ ጠባቂው ዞረው ሪፈሩን ከእጁ ተቀበሉት። «ልጄ፣ አላህ ጀዛህን ይክፈልህ። እኔ አልታመምኩም። ወረቀቱ የሌላ ሰው ነው፤ በስሕተት ይዤው መጣሁ» አሉት። ጠባቂው ተከራከራቸው፣ ዓይናቸውን እያየ። ደጋግመው የሌላ ሰው ነው አሉት። ቀድመውን ወደ መኪናው ወጡ። «በሉ ግቡ፤ አብረን እንደመጣን አብረን እንመለሳለን። መንገዱ ሲሻለው እንመጣለን» አሉን፤ ቅሬው እፎይ ብሎ ተሳፈረ። እኛን ከእፍረት ለማዳን መሆኑ ገብቶኝ ነበር። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እኔ እሄዳለሁ ነገ፣ እኔ አስታምምዎታለሁ ልላቸው አፌን ስከፍት ስዘጋ አቀስታ ደረስን፣ አቀስታን አለፍን።

ሁለት ወር አልቆዩም።

በቀብራቸው አንድም ሰው አልቀረም። ድንኳኑን እኔ አስወጣሁ፤ ካስማውን ሳጣምም አንድ ሽማግሌ ቀሙኝና እሳቸው መቱት። ሦስተኛው ቀን ላይ አደራውን ማፍረስ ግድ ሆነብኝ፤ ከእንግዲህ የምጠብቅለት ሰው የለም ብዬ። የአባታቸውን ነገር፣ ደብዳቤውን፣ ደጁ ላይ ምን ሊለምኑን እንደነበር ለቅሬው ተናገርኩ። ወንዶቹ አቀረቀሩ፤ አንዱ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ያዘ። እትዬ ዘሐራ ምግብ ይዘው ገብተው ነበርና ትሪውን እንደያዙ ቆመው ሰሙ።

«ኬላው ጋ ወደ እኛ ሲዞሩ ይህን ነበር የሚጠይቁን?» አሉኝ።

«አዎ።»

«አንተ ያኔ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ትሪውን ፊቴ አስቀመጡት። አልተቆጡኝም። ቆጣ ቢሉ በወደድኩ። እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«እኛስ ባናውቅ ነው ዝም ያልነው» አሉና ወጡ።